አምስት ክር ይዤ ዱባይ ተራ

ጳጉሜን 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ አምስት ክር ነበር። አንደኛው አንድ ቋጠሮ አለው፣ ሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት። ባለ አንድ ቋጠሮው የታላቂቱ እግር ነው፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባለ አምስት ቋጠሮው ደግሞ ዳዴውን ትቶ በሁለት እግሩ መቆም የጀመረው የትንሹ። ልጆቹን አያታቸው ዘንድ አስቀምጬ፣ እግራቸውን ብቻ ይዤ መርካቶ መውረዴ ነው።

«ብዙ ልጅ ያለበት ቤት እንዴት ውሎ ያድራል?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ወዳጆች አላችሁ። ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ዳቦ እንደሚያልቅ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ግን ሁልጊዜ ከጫማ ነው የምጀምረው። ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ ገንዘብ የት እንደሚገባ፣ ጠዋት ደቂቃ በምን እንደምትባክን፣ ታላቅና ታናሽ በምን እንደሚቀያየሙ፣ ሁሉም በራችን ሥር በተደረደሩት አምስት ጥንድ ጫማዎች ላይ ይነበባል። እስቲ ቁጭ በሉና ላስረዳችሁ።

በመጀመሪያ እንዲህ ዓይነት ቤት በዚህ ከተማ ብዙ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው የልጅ ቁጥር በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 መሆኑን አሳይቷል። አምስት ልጅ አስከትዬ ታክሲ ስጠብቅ ሰው ዞር ብሎ የሚቆጥረን ለዚህ ነው። እናቴ ስታሳድገን ግን በየቤቱ ስድስት ሰባት ልጅ ነበር፤ የዚያን ጊዜ እናቶች ያወቁትን ጥበብ ዛሬ የሚፈልገው ሰው ስላነሰ ብቻ እንዲጠፋ አልፈልግም። ክሩም ከእነሱ የወረስኩት ነው።

ልጆቹን ለምን አልወሰድኳቸውም? ጳጉሜን ላይ መርካቶን ያየ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ለእንቁጣጣሽ የሚገዛውና ለትምህርት መክፈቻ የሚገዛው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ይገናኛል። ተሸካሚው ከራሱ በላይ የሚረዝም ጭነት ተሸክሞ «ዘወር! ዘወር በሉ!» እያለ ይመጣል፤ ጋሪው ከኋላ ይከተላል። የአምስት ዓመት ልጅ ራስ የሚደርሰው ከአዋቂ ወገብ ነው፤ እሱ የሚያየው ጉልበትና ፌስታል ብቻ ነው። እኔ ሁለት እጅ አለኝ፤ እነሱ አምስት ናቸው።

ስለ ቦታው ስም ትንሽ ልበል፤ በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንስተው ወደ ምዕራብ ሲያዞሩት የዛሬው መርካቶ ተመሠረተ። ገበያው በተራ በተራ የተከፋፈለ ስለሆነ ስሙ ራሱ አድራሻ ነው፦ ሸማ ተራ ሸማ፣ ቆርቆሮ ተራ ቆርቆሮ፣ በርበሬ በረንዳ በርበሬ። አንዳንዱ ተራ ግን የተጠራው በዕቃው ሳይሆን ዕቃው በመጣበት አገር ነው። ዱባይ ተራ አንዱ ነው። አንድ ሰፈር የሩቅ ወደብ ስም ለብሶ ሲኖር አስቡት! ነጋዴዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ዱባይ ደርሰው ዲራ በሚባለው የንግድ ሰፈር ሱቅ ለሱቅ ዞረው፣ ልብስና ጫማ በሻንጣና በማዳበሪያ ጠቅጥቀው የተመላለሱበት ዘመን በዚህ ስም ውስጥ ተቀምጧል። ጫማውን ገልብጣችሁ ብታዩት ግን አብዛኛው ቻይና የተሠራ ነው። በዓለም ከሚመረተው ጫማ ከግማሽ የሚበልጠው ከዚያ ይወጣል፤ ዱባይ መሸጋገሪያ ናት። ከዚያ በመርከብ የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ይገባና በመጨረሻ የእኔ ልጅ ጭቃ ይረግጥበታል።

እንግዲህ ክሮቼን ይዤ የማውቃቸው ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ ደረስኩ። ሀጂ ነው የምላቸው፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል።

«ሀጂ፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጆቹስ ደኅና ናቸው? አላመጣሻቸውም?»

«እግራቸውን አምጥቻለሁ» ብዬ አምስቱን ክር ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ።

ሀጂ ባለ ሦስት ቋጠሮውን አነሡ። በሁለት ጣታቸው ወጠር አደረጉት፤ ክሩ ረዘመ። ለቀቁት፤ አጠረ። «አየሽው?» አሉኝ። ቀጥለው ጫማ ውስጥ ሊያስገቡት ሞከሩ፤ ክሩ ተጠማዞ ቀረ። «ክር ከውጭ ይለካል እንጂ ጫማ ውስጥ ገብቶ አይመሰክርም። ካርቶን ግን ይገባል።» ወዲያው የጫማ ካርቶን ክዳን ቀደዱና በክሩ ልክ አንድ ቀጭን ቁራጭ ቆረጡ፤ በላዩ ላይ የአውራ ጣታቸውን ግማሽ ስፋት ጨመሩበት። ያን ቁራጭ ጫማው ውስጥ ከተቱት። ቀጥ ብሎ ከተኛ ጫማው ልክ ነው፣ ከታጠፈ አጭር ነው፣ ወዲያ ወዲህ ከተንሸራተተ ሰፊ ነው። በቃ! አምስት ዓመት ሙሉ በግምት ስገዛ የኖርኩትን በአንድ ቁራጭ ካርቶን አስተማሩኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት «እኛማ አገር ቤት በስንደዶ ነበር የምንለካው» አለችኝ። ስንደዶም እንደ ካርቶን ነው፤ አይለጠጥም፣ ጫማ ውስጥ ይገባል። ከተማ ስንገባ ስንደዶውን ትተን ክር የያዝነው ጊዜ አንድ ጥሩ ነገር ጥለን መጥተናል ማለት ነው።

አለካኩንም ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ልጁ ይቁም፤ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ የተለካ እግር ያጥራል፣ ክብደት ሲያርፍበት ነው እውነተኛ ርዝመቱን የሚያሳየው። ተረከዙን ግድግዳ ያስነካ። ወደ ማታ ለኩት፤ እግር ሲሮጥበት ውሎ ትንሽ ያብጣል፣ በጠዋት ልክ የተገዛ ጫማ አመሻሽ ላይ ይጠብባል። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ እኩል የሆኑበት ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ የሚረዝመውን ያዙ። ሁልጊዜ አውራ ጣት ይበልጣል ብላችሁ አትመኑ፤ የሦስተኛው ልጄ ሁለተኛ ጣቱ ናት የምትቀድመው። ከዚያ የአውራ ጣታችሁን ግማሽ ስፋት፣ ማለትም 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጨምራችሁ ቁረጡ።

ያ ጭማሪ ለምን ያስፈልጋል? ከፊሉ ስንራመድ እግራችን ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ስለሚገፋ ነው። የቀረው ደግሞ ለእድገት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ እግሩ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከሦስት በታች ያለው ከዚያ ይፈጥናል። ስለዚህ የትንሹን ካርቶን በየሁለት ሦስት ወሩ እቀይራለሁ፤ የትልልቆቹን በዓመት ሁለቴ።

አሁን ደግሞ ጫማው ሥር ወደተጻፈው ቁጥር እንምጣ። 28፣ 31፣ 33 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ፈረንሳዮች የጀመሩት መለኪያ ነው፤ አንዱ ቁጥር የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። 28 ማለት 28 ጊዜ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 18.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ይህ የልጁ እግር ርዝመት አይደለም፤ ጫማው የተሰፋበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ እግር ርዝመት ነው። ስለዚህ ጭማሪውን ያካተተውን ካርቶናችሁን በሴንቲ ሜትር ለኩና በ1.5 አባዙት፤ ቁጥሩ ይወጣላችኋል። 18.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 27.75፣ እንግዲህ 28። ይህን ያወቅሁ ቀን ለአምስቱም አስልቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩና በስልክ ለእህቴ አነበብኩላት! አንዳንድ የቻይና ጫማ ደግሞ ምላሱ ላይ 180 ወይም 190 የሚል ቁጥር አለው፤ እሱ የእግሩ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፣ ጭማሪ የለበትም። ሁለቱን አታደባልቁ። ፋብሪካ ከፋብሪካ ስለሚለያይም ቁጥሩ የት መደርደሪያ ጋ እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል እንጂ የሚፈርደው ካርቶኑ ነው።

«ልጁን ጠበበህ ወይ ብሎ መጠየቅ አይቀልም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይሠራም። የትንሽ ልጅ እግር አብዛኛው ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው በጉርምስና ማብቂያ ላይ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ጠባብ ጫማ ውስጥ ተጣጥፎ ይገባል፣ ልጁም ብዙ ላይሰማው ይችላል። በኦስትሪያ በመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ተጠንቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለእግራቸው ያጠረ ጫማ አድርገው እንደሚውሉ አግኝቷል፤ ጫማው ባጠረ ቁጥር አውራ ጣታቸው ወደ ሌሎቹ ጣቶች ማጋደሉ ይጨምር ነበር። እንግዲህ በሀብታም አገርም ቢሆን እንዲህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ልጁ እየተሰማው ዝም የሚልበት ምክንያት አለው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ጫማ ከልጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚወርድ ልንገራችሁ፤ የቤታችን ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ልጆቼ በሁለት በሁለት ዓመት ይበላለጣሉ። በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ካደጉ፣ በታላቅና በታናሽ እግር መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ሦስት ቁጥር ልዩነት አለ። አንድ ጫማ ደግሞ ባለቤቱን የሚያገለግለው አንድ ዓመት ያህል ነው። ታላቂቱ ስታወልቀው ታናሿ ገና አልደረሰበትም፤ የሚደርስበት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ጫማ አንድ ዓመት ይሮጣል፣ አንድ ዓመት ይተኛል። ሰው ስለሚሮጠው ዓመት ያስባል፤ ጫማ የሚበላሸው ግን በሚተኛው ዓመት ነው።

በ2015 ክረምት አንድ ጥንድ ከካርቶኑ አወጣሁ። ላዩ አዲስ ይመስላል። ሦስተኛው ልጄ አድርጎት እስከ በሩ ሲደርስ ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፍ ጀመር። ደነገጥኩ። ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ብዙ ቀላል ሶል የሚሠራበት ፖሊዩሪቴን የሚባለው ነገር የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ሳይረገጥ ተቀምጦ ይባስ ይጎዳል። የእኛ ክረምት ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ እርጥብ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚተኛ ጫማ በፌስታል አይታሰርም፤ ውስጡ ጋዜጣ ይጎሰጎስበታል፣ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ጥቅምት ሲገባ በእሑድ ፀሐይ ይሰጣል። ማስጫው ላይ አሥር ጥንድ ተደርድሮ የሚያይ እንግዳ ሱቅ የከፈትን ይመስለዋል።

ሁሉም ጫማ አይወረስም። ገልብጣችሁ ተረከዙን እዩ፤ በአንድ ጎን ከተበላ ያ የመጀመሪያው ልጅ አረማመድ ነው፣ ለሁለተኛው አትስጡት። ውስጡን ዳስሱ፤ የጣቶቹ ጉድጓድ ከታተመበትም እንዲሁ። ብዙ ያልተረገጠ የክት ጫማ ነው ለውርስ የሚሆነው፣ በየቀኑ ትምህርት ቤት የተዋለበት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ልጅ አያልፍም። ለዚህ ነው ለትምህርት ቤት የተሰፋ የቆዳ ጫማ የምመርጠው፦ ሊስትሮው ሊሰፋው ይችላል፣ ሶሉ ይቀየራል። በአንድ ጊዜ ቀልጦ የተጣበቀውን ግን በማስቲሽ ለአንድ ሳምንት ማባበል ነው።

የተሰፋው ጫማ ደግሞ ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም፤ እዚያው መርካቶ፣ ሸራ ተራ ይሠራል። የዚህ ሙያ ታሪክ ያስደንቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አርመኖች በአዲስ አበባ የጫማ መሥሪያ ከፈቱ፤ እዚያ ሙያ የለመዱት ወጥተው የራሳቸውን ጀመሩ፣ ከእነሱም ሌሎች ተማሩ፣ እየተባዛ የመርካቶ ጫማ ሰሪ ሆነ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ርካሹ የቻይና ጫማ ሲጎርፍ ብዙዎቹ ዘጉ። የቀሩት ግን ጥራታቸውን አሻሽለው ገበያውን፣ በተለይ የወንድ ቆዳ ጫማውን፣ መልሰው ያዙት። እኔም የዓመቱን ገንዘብ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ዱባይ ተራ፣ ግማሹን ሸራ ተራ እተወዋለሁ። ለሚሮጥ ልጅ ቀላሉ፣ ለሚወረስ ጫማ የተሰፋው።

አሁን ያ ዝም ያለው ልጅ። ሁለተኛው ልጄ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ እህቱ ያላደረገችው ጫማ አድርጎ አያውቅም ነበር። ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው ስለምገዛ ከሴት ወደ ወንድ ያለ ችግር ይወርዳል፤ እኔም በዚህ ብልሃቴ ደስ ይለኝ ነበር። በ2015 መግቢያ ላይ የእህቱ ጫማ ሳይሆን ቀረና ከዱባይ ተራ አዲስ ሰማያዊ ስኒከር ገዛሁለት። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለዋል። ከትራሱ አጠገብ ነው የሚያኖረው። በዓመቱ፣ በ2016 ጥር፣ ለጥምቀት ዋዜማ እግራቸውን ሳጥብ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ፣ ተረከዙ ተልጦ አየሁ።

«ለምን ጠበበኝ አላልከኝም?»

ብዙ ቆይቶ መለሰልኝ። «ጠበበኝ ካልኩ ለታናሼ ትሰጪዋለሻ።»

ካርቶኑ ነበረኝ። ቀመሩ ነበረኝ። ልጁ ግን በሚለካበት ማታ ጣቶቹን አጥፎ ሲያስለካ ኖሯል። ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም። እኔ ጫማ ያወረስኩ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የራሱ የሚለው ነገር ሳይኖረው ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁላችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን፦ እያንዳንዱ ልጅ በዓመት አንድ ነገር፣ ጫማም ይሁን ቦርሳ ወይም ኮፍያ፣ አዲስ ይገዛለታል፣ ያ ነገር ቢጠብም ቢያረጅም ለማንም አይወርድም። ሰማያዊው ስኒከር ዛሬም አልጋው ሥር ነው። የግራውን የሳንቲም ማጠራቀሚያ አድርጎታል።

ጫማ ቅንጦት ነው ብሎ ለሚያስብ ወዳጅ ደግሞ ከአያቴ አገር የሰማሁትን ልጨምር። አያቴ የደምበጫ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው በባዶ እግር ካደጉ ጎረቤቶቻቸው መካከል እግራቸው ያበጠ ብዙ ነበሩ፤ ሰው እርግማን ወይም የዘር በሽታ ነው እያለ ይሸሻቸው፣ ሴት ልጅም ትዳር ታጣ ነበር። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር ይህ ዓይነቱ እብጠት ከትል የሚመጣው ዝሆኔ አለመሆኑን፣ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ያለ ረቂቅ ነገር በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ ለዓመታት ሲጠራቀም የሚያመጣው መሆኑን አሳየ። ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የማያንስ ሰው እንደተጠቃ ይገመታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መከላከያው ምን መሰላችሁ? ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ! በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካም ነበረ ይባላል፤ ሰው ጫማ ሲለምድ ጠፋ። እናቴ በክረምት ኮንጎ ጫማ ሳናደርግ ከደጅ የወጣን ቀን የምትቆጣው ቁጣ ከየት እንደመጣ የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ። ጫማ በጅምላ የሚሸጠው በካርቶን ነው፤ አንዱ ካርቶን ውስጥ አንድ ሞዴል በተከታታይ ቁጥር ይደረደራል። ጅምላ ሻጩ ቁጥር መርጦ አያወጣላችሁም፣ ተከታታዩ ይፈርስበታላ። አንድ ልጅ ላለው ቤት ይህ ምንም አይጠቅምም። አምስት ልጅ ያለው ቤት ግን ራሱ ግማሽ ካርቶን ነው! ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የልጆቻችንን ቁጥር በአንድ ወረቀት ጻፍንና፣ ዕቁብ የወጣልኝ ወር አንድ ካርቶን በጅምላ ዋጋ አንስተን ተካፈልን። ደግሞም እንደዚያ ቀን በጳጉሜን አይደለም፤ በሐምሌ መጨረሻ፣ ግርግሩ ሳይጀምር። እስከ መስከረም ባሉት አምስት ሳምንታት እግር የሚያድገው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከስድስት ዓመት በላይ ላሉት አያሰጋም። ለትንሹ ብቻ እጠብቃለሁ።

ይህ ሁሉ ወደ አንዲት ሰዓት ይጨመቃል። ሰርቪሱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ጡሩምባውን ያሰማል። ከዚያ በፊት አሥር እግር ካልሲና ጫማ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ካልሲ በደርዘን እገዛለሁ፣ ሁሉም ነጭ። ለምን? ቅርጫት ውስጥ አምስት ቀለም ካልሲ ቢኖር አንድ ጥንድ ለማግኘት አንዳንዴ ስድስት ጊዜ እጅ መክተት ይኖርባችኋል፤ አምስቱ አምስት ቀለም ሊሆኑ ይችላሉና። አንድ ቀለም ከሆነ ሁለት ጊዜ ይበቃል። የትልልቆቹና የትንንሾቹ በሁለት ቅርጫት ነው፣ ሌላ ምንም መለያ የለም። ማሰሪያውም እንዲሁ፦ ልጅ ክር ማሰር የሚችለው አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፣ ከዚያ በታች ላለው የሚለጠፈውን ብቻ እገዛለሁ። አንድ እግር ማሰር አንድ ደቂቃ ይፈጃል በሉ፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አራት ደቂቃ ናቸው፣ በአራት ደቂቃ ደግሞ የአንዷ ሹሩባ ይስተካከላል።

ግራና ቀኝ መለየት ለትንሹ ፈተና ነበር። ታላቂቱ ናት መላውን ያገኘችው። የአንበሳ ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ከመሃል ቆረጠችና ግማሹን በግራው፣ ግማሹን በቀኙ ጫማ ውስጥ ለጠፈችለት። ጫማዎቹ በትክክል ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንበሳው ሙሉ ይሆናል፤ ከተገላበጡ ጀርባ ለጀርባ ይሆንና ያስቃል። አሁን ማንም ሳይነግረው አንበሳውን ገጥሞ ያደርጋል።

ካርቶኖቹን አልጥላቸውም። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማኖራቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረትና ስም አለ። በ2017 ጳጉሜን፣ ማታ ሁሉንም አቁሜ ለካሁ። ሁለተኛው ልጄ ጣቶቹን ዘርግቶ ቆመ። አራተኛዋ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ የእሷን ቁራጭ ቆርጬ ወደ ቆርቆሮው ስከት በ2015 ከተቆረጠው የሦስተኛው ልጄ ካርቶን ጋር ገጠምኩት። ጫፍ ለጫፍ እኩል ሆነ። ሦስተኛው ልጄ በዚያ ዓመት ያደረገው የሸራ ተራ ጥቁር ጫማ ጋዜጣውን እንደጎረሰ መደርደሪያው ላይ ነበር። አወረድኩት፣ ሶሉን ጫን ጫን አድርጌ አየሁት፣ ጠንካራ ነው። ካርቶኑን ከተትኩ፤ ቀጥ ብሎ ተኛ።

እሷ ግን ጫማውን ገና አላየችውም። እስክሪብቶ አንሥታ፣ በዚያ ዓመት ፊደል ለይታ ነበርና፣ በወንድሟ ካርቶን ላይ ከስሙ ሥር የራሷን ስም እየጻፈች ነበር።